«እስራት እንጂ በሽታ አልተፈረደበትም»፦ እትዬ ዘነበችን ስናስብ

በፌርፋክስ ሰፈርና በአካባቢው ለምትኖሩ ወዳጆቻቸው ሁሉ፤ እትዬ ዘነበች ባለፈው ሳምንት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ በሚድ ዊልሻየር ሰፈር ባለው ቤታቸው በልብ ሕመም ዐርፈዋል። ቀብራቸውም ተፈጽሟል። አንድ ልጃቸው አቤል ግን አልቀበራቸውም፤ ከከተማው ርቆ በበረሃ ውስጥ ባለ ማረሚያ ቤት እስረኛ ነው።

ይህን በጽሑፍ ማስፈሬ አይድነቃችሁ። እዚህ በሰው አገር፣ በእኛ መካከል ልጅ ሲታሰር «ሌላ ስቴት ሥራ አግኝቶ ሄደ» ማለት የተለመደ ነው። እሳቸው ግን በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲጠየቁ፣ «አጥፍቶ ታስሯል፤ ልጄነቱ ግን አልቀረም» ብለው በግልጽ ይመልሱ ነበር።

እትዬ ዘነበች አረጋውያንን በየቤታቸው እየተንከባከቡ ይተዳደሩ ነበር። የታመመ ሰው ጀርባው እንዳይቆስል በምን ጥንቃቄ እንደሚያገላብጡ ያየሁት እናቴን ባስታመሙልኝ ጊዜ ነው። ከሥራ ሰዓታቸው ውጭ እየመጡ ፀጉሯን ይሠሩላት ነበር። በምላሹ የጠየቁኝ፣ አቤልን ሊያዩ ሲሄዱ መኪና እንድነዳላቸው ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ጉዟችን ዶሮ ወጥ በምሳ ዕቃ ቋጥረው መጡ። እንደማይገባ ብነግራቸው አላመኑኝም። «እስረኛ በባዶ እጅ ይጠየቃል እንዴ? ምን ዓይነት አገር ነው!» ጠባቂው ከነምሳ ዕቃቸው መለሳቸው። አቤል ይህን ሲሰማ ሳቀ። «እማዬ፣ ወጡ ይቅርብኝ፤ ባይሆን ትንሽ ነፋስ ቋጥረሽ አምጪልኝ።» ከዚያ ሳል ያዘው፤ ሳሉም አልቆም አለ።

የታሰረበት ክፍል ማቀዝቀዣ የለውም። በሙቀቱ ወራት ግድግዳው እንደ ምድጃ ይግላል፤ ከሜዳው የሚነሣው አቧራ የብዙዎችን ሳንባ አሳምሟል፤ የቧንቧው ውኃ ዝገት ዝገት ይሸታል። የተማርኩት የአካባቢ ጤና በመሆኑ አቤቱታቸውን አብረን አዘጋጀን። ስለ ማረሚያ ቤቶች በተጠራ አንድ ስብሰባ ላይ ቆመው የተናገሩትንም ተረጎምኩ፦ «ልጄ እስራት እንጂ በሽታ አልተፈረደበትም። አጠገቡ የሚያስለውም የሰው ልጅ ነው፤ የእኔን አውጥታችሁ እሱን እንዳትተዉት።» ስብሰባውን የመሩት ባለሥልጣን አመሰገኗቸው። ምንም አልተለወጠም።

ሕመማቸው ሲጠና አንድ አደራ ሰጡን፦ «መርዶዬን በስልክ እንዳትነግሩት። ሰው ከቦት ይስማ፤ ሲወድቅ የሚይዘው ይኑር።»

ባረፉበት ሳምንት ቅዳሜ እኔ፣ የንስሐ አባታቸውና ጎረቤታቸው ጋሽ መኮንን ጥቁር ለብሰን ሄድን። በሩ ላይ፣ ሙቀቱ ስለበረታና የመጠየቂያው አዳራሽ ማቀዝቀዣ ስለተበላሸ ጥየቃ የለም ተባልን። ጋሽ መኮንን ባርኔጣቸውን አውልቀው ለመኑ። «ሰር፣ ፕሊስ! የሞተችው እኮ እናቱ ናት!» ጠባቂው አንገቱን ደፋ፤ በሩን ግን አልከፈተም።

ሰኞ ዕለት ወሬው የደረሳቸው የማረሚያ ቤቱ ቄስ አቤልን ለብቻው ወደ ቢሯቸው ጠርተው መርዶውን ነገሩት። በኋላ ሲደውልልኝ፣ «ቅዳሜ እኮ ፀጉሬን ተስተካክዬ ጠብቄያት ነበር» አለ። ሳሉ አፈነው፤ ሌላ ቃል ሳይናገር የስልኩ ሰዓት አለቀ።

እትዬ ዘነበች፣ አደራዎን አልፈጸምንም። ልጅዎ ሞትዎን የሰማው በእንግዳ ሰው ቢሮ፣ ብቻውን ቆሞ ነው። ይህን አለዝቤ ልነግርዎ አልችልም። ቅዳሜ ሦስታችንም እንመለሳለን፤ ከተዘጋብንም በሚቀጥለው እንሄዳለን፤ ባገኘነው ቀን አቅፈነው እናለቅሳለን። በቀብርዎ ላይ ሁሉም «አፈሩን ገለባ ያድርግልዎ» ሲሉ እኔ ዝም ማለቴን አይቀየሙኝ። ልጅዎ አቧራ እየሳበ ሳለ ቃሉ ከአፌ አልወጣ ብሎኝ ነው። ደኅና ይሁኑ፣ እትዬ።