ከስልኩ በፊት ወሬው

ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ከሚሴ አስፋልቱ ዳር ስልክ ቻርጅ የምናደርግበት ጠባብ ሱቅ ከፈትን። ሞባይል በየሰዉ እጅ መግባት የጀመረበት ጊዜ ነው። የቢሮ ሠራተኛው፣ ባጃጅ ነጂው፣ ነጋዴው ሁሉ ደንበኛችን የሚሆን መስሎን ነበር። ሁሉም ግን ቤቱ መብራት አለው። ወደ እኛ የሚሮጠው ሰፈሩ ሲጨልም ነው፤ ያኔ ደግሞ የእኛም ሱቅ ይጨልማል።

«ከመብራት ጋር አብረን የምንጠፋ ነጋዴዎች!» እያለ ባለቤቴ ይስቅ ነበር።

አንድ ሰኞ ፍየል ሊገዛ ባቲ ገበያ ወርዶ ያለ ፍየል ተመለሰ። ባትሪው ያለቀ ስልክ የያዙ የአፋር አርብቶ አደሮች አይቶ ኖሯል። «ደንበኛችን ተገኘ» አለኝ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ። «እሱ ከሚሴ ድረስ አይመጣልንም፤ እኛ ነን የምንሄድለት።»

በሳምንቱ ባቲ ላይ የአንዲት ሻይ ሻጭ በረንዳ ተከራይተን የሶኬት ማከፋፈያችንን ዘረጋን። እየተጣራሁ ዋልኩ፤ ሰው ያልፋል እንጂ አይቆምም። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«ከየት መጣችሁ? መንገዱ ምን አለው? ዝናቡስ?»

«ሰላም ነው አባባ፣ ስልኩን ያምጡት» አለ ባለቤቴ እጁን ዘርግቶ። ሰውዬው ያወጡትን ስልክ መልሰው ሽርጣቸው ውስጥ ሸጉጠው ሄዱ።

ሻይ ሻጯ በሳቅ ፈነዳች። «እናንተ የከሚሴ ሰዎች! ዳጉ ሳታደርጉ ንብረቱን ልትወስዱ? ቀማኛ እንኳ እንዲህ አይቸኩልም!»

ዳጉን እናውቀዋለን። አፋር ከሰው ሲገናኝ ተቀምጦ ያየውንና የሰማውን ሳያጎድል ይናገራል፣ የሌላውንም ይሰማል፤ የሰማውን ደግሞ ለሚቀጥለው ያደርሳል። ለንግድ ግን የሚያስፈልግ አልመሰለንም። እኛ ዘንድ ጎበዝ ነጋዴ የሚባለው ቶሎ የሚያስተናግድ ነው።

ባለቤቴ ተከትሏቸው ሮጠ፤ ይቅርታ ጠይቆ አስቀመጣቸው። የቦርከና ወንዝ የት የት እንደሞላ፣ ከሚሴ አጠገብ ባለው የጨፋ ሜዳ ላይ ሣር በየትኛው በኩል እንደበቀለ፣ የከብት በሽታ የት እንደገባ አንድ በአንድ ነገራቸው። በበጋ ከብታቸውን ወደ ጨፋ የሚያወጡ ሰው ናቸውና ጠየቁት፣ የራሳቸውንም ነገሩት። ከዚያ በኋላ ስልኩን እጄ ላይ አኖሩት።

በሚቀጥለው ሰኞ አይተናቸው የማናውቅ ሰዎች «የጨፋን ወሬ የሚያውቀው ሰውዬ የታለ?» እያሉ መጡ። እኔም መጣራቱን ተውኩ። ቻርጁ ብቻውን የሚኒባስ ሒሳብ እንኳ አይሸፍንም ነበር፤ ያኖረን ስልኩ እስኪሞላ ሲጠብቁ የሚገዙን የእጅ ባትሪና የባትሪ ድንጋይ ነው። ባለቤቴ ሳምንቱን ሙሉ ከጨፋ የሚመጣውን ገበሬ ሁሉ ሲጠይቅ ይሰነብታል። ወሬም እንደ ዕቃ ይገዛል እያልኩ እቀልድበት ነበር።

ከዚያ ሞተ።

ባል የሞተባት ሴት ቤቷ የምትቀመጥበትን ጊዜ፣ ዒዳዬን፣ ስጨርስ ወንድሙ ዕቃውን ሽጪው አለኝ። «ሰዉ የሚመጣው እሱን ብሎ ነው፤ ሶኬትማ ማንም አለው። ደግሞስ አንቺ ከሽማግሌ ጋር ዳጉ ልትቀመጪ ነው?» የሚያሳስበኝም ይኸው ነበር። ሁለት ሴት ልጆቼ የሚበሉት ከዚያ በረንዳ ነው፤ ደንበኞቹ ደግሞ የእሱ ናቸው። ቢሆንም ሰኞ ሄድኩ።

ያኔ በመጀመሪያው ቀን ስልካቸውን መልሰው የሸጎጡት ሽማግሌ መጡ። አጠገቤ ያለውን ባዶ በርጩማ አይተው ተቀመጡና በትራቸውን መሬት ላይ አጋደሙ።

«እሺ፣ ልጄ። ወሬ።»

ከሚሴ ላይ ለጠየቀኝ ሁሉ «አልሐምዱሊላህ» ብዬ ነበር የምዘጋው። እዚህ ማሳጠር የለም። ከመስጊድ ሲመለስ ራሴን አመመኝ ማለቱን፣ ወደ ደሴ ስንወስደው ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አድርጎ ስለ ልጆቹ የተናገረውን፣ በተቀበረ ዕለት ዝናቡ እንዴት እንደወረደ ነገርኳቸው። ስቆም «ከዚያስ?» ይሉኛል፤ እቀጥላለሁ። ስጨርስ አለቀስኩ። ፊቴን ጠርጌ የጨፋን ሣር፣ የቦርከናን ውሃ ነገርኳቸው፤ ሳምንቱን እኔም ስጠይቅ ሰንብቼ ነበር።

«አላህ ይዘንለት» አሉና ስልኩን እጄ ላይ አኖሩት።

ከሰዓት በኋላ የማላውቃቸው ሰዎች መምጣት ጀመሩ። ሰውዬው የታለ ያለኝ አንድም የለም። «አላህ ሶብሩን፣ ጽናቱን ይስጥሽ» ይሉኛል፤ ይቀመጣሉ፤ «ጨፋ እንዴት ነው?» ይሉኛል። ነግሬያቸው ስልካቸውን እቀበላለሁ። ሶኬቱ ሁሉ ሞልቶ ገና የቆሙ ነበሩ። ወደ ሻይ ሻጯ ዞሬ፦

«እህቴ፣ ሌላ ማከፋፈያ አለሽ?» አልኳት።