ዘይት የነካው ፍሬን

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴም፣ ለንስሐ አባቴም። ለንስሐ አባቴ ያልነገርኩት ጋሽ አበራን ያስማሉት እሳቸው ስለሆኑ ነው። አንተ ግን አታውቀኝም፤ ስማኝ። ደግሞ እንዳታዝንልኝ።

ደብረ ብርሃን፣ በሬሳ ወንዝ ዳር ሞተር ሳይክል አጣቢ ነበርኩ። እጄ የተመሰገነ ነበር፤ ትዕቢቴም የጀመረው ከዚያ ነው። እኛ አጣቢዎች ሞተሩ ሲደርቅ ዘይት በነካው ጨርቅ ብረት ብረቱን እንወለውላለን። ያብረቀርቃል፣ ባለቤቱም ደስ ይለዋል። ፍሬኑ ጋ ግን ዘይት አይደርስም፤ ከደረሰ አይዝም። ይህን ትናንት ሥራ የጀመረ ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር።

ጋሽ አበራ ደንበኛዬ ነው፤ እንደ ታላቅ ወንድሜ የማየው ሰው። ድሮ መጠጥ ትዳሩን ሊያፈርስበት ደርሶ፣ በንስሐ አባታችን ፊት መስቀል ስሞ «ሁለተኛ አልቀምስም» ብሎ ምሎ ተወ። ሚስቱ ሰው ፊት ቀና ብላ መሄድ የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው።

የእህቱ ሠርግ አንኮበር ነበር። በማለዳ መጣና «ዛሬስ ሞተሬን ሙሽራ አድርገህ እጠብልኝ» አለኝ። አጠብኩት። ወለወልኩት። ማማሩን ሳይ እጄ አላርፍ አለኝና የፊት ፍሬኑን ዲስክም በዚያው ጨርቅ አሸሁት። እያወቅሁ አሸሁት! በሳሙና መልሼ ልጠበው ወይ ብዬ አሰብኩ፤ ሌሎች ወረፋ ይዘው ነበር። «ፍሬኑን ደጋግሞ ሲይዘው ዘይቱ ይለቃል» ብዬ ተውኩት። «ጋሼ፣ ተጠንቀቅ» ማለት ምን ይከብድ ነበር? ያማረው ሥራዬ ላይ ነውር ማውጣት አልፈለግሁም፤ በቃ፣ ይኸው ነው። ለሠርጉ የሚወስደውን የአረቄ ጄሪካን ከኋላ ያሰርኩለትም እኔ ነኝ። መርቆኝ ሄደ።

አንኮበር ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ እምቢ አለው፤ ከመንገድ ወጥቶ ድንጋይ ላይ ወደቀ። ጄሪካኑ ፈንድቶ አረቄው ላዩ ላይ ፈሰሰ። ያነሱት ሰዎች ያወሩት ሽታውን ብቻ ነው። አንድ እግሩ ተቆርጦ ተረፈ፤ የዚያን ቀን ነገር ግን ጨርሶ ከአእምሮው ጠፋ፤ ከቤት መውጣቱን እንኳ አያስታውስም። ከተማው «መሐላውን አፍርሶ ነው እግዜር የቀጣው» አለ። ሚስቱ ዳግመኛ አንገቷን ደፋች። እኔስ? ሲያሙት አጠገባቸው ቆሜ «እህ» እል ነበር።

እስከዚህ ያለውን ስህተት በለው፣ ፍርሃት በለው። የሚቀጥለውን ግን ምን ትለዋለህ?

ከሆስፒታል በወጣ በዓመቱ በክራንች ወንዙ ዳር መጣ። ሰው እስኪሄድልን ጠበቀ።

«ወንድሜ፣ የዚያን ዕለት ያየኸኝ አንተ ነህ። ጠጥቼ ነበር እንዴ? አትፈር፣ እውነቱን ንገረኝ።»

ዓይኑ «አልጠጣህም» በለኝ እያለ ይለምነኝ ነበር። ያንን ብዬ ዝም ብል እንኳ ነፍሱ ታርፍ ነበር፤ የፍሬኑን ነገር ማንሳትም አያስፈልገኝም ነበር። ግን «ካልጠጣሁ ለምን ወደቅሁ?» ብሎ ቢያስብስ? ቢመረምርስ?

«ትንሽ ቀምሰህ ነበር ጋሼ» አልኩት።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የኔ ወለምታ አልነበረም። አስቤ፣ መዝኜ፣ ዓይኑን እያየሁ ነው የዋሸሁት። ልጆቼን ብዬ ነው እንዳልል ያኔ ልጅ አልነበረኝም። እግሩን የወሰደው ቸልተኝነቴ ነው፤ ነፍሱን የወሰድኩት ግን እኔ ራሴ፣ በገዛ አፌ ነኝ።

እሱ ምን አለ? «ጠርጥሬ ነበር። ስላልዋሸኸኝ እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ። አመሰገነኝ!

ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይገባም። «መሐላ ያፈረሰ ሰው ነኝ» ብሎ ከበሩ ውጭ፣ በዚያ ብርድ፣ ክራንቹን ተደግፎ ያስቀድሳል። ንስሐ አባታችን ቢለምኑትም እምቢ አለ። እኔ ግን ጫማዬን አውልቄ እገባለሁ፤ እሳለማለሁ። እንዴት እግሬ ያስገባኛል? አላውቅም፤ ያስገባኛል።

ይቅር በለኝ አልልህም። ይቅርታ የምጠይቀው ሰው በሕይወት አለ፣ ቤቱንም አውቀዋለሁ፤ አልሄድኩም። ባለፈው እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ በር ሳልፍ ነጠላዬን ይዞ አቆመኝና «ወንድሜ፣ አንተ ንጹሕ ነህ፤ እባክህ ጸልይልኝ» አለኝ።

«እሺ ጋሼ» ብዬው ገባሁ።