ጥሩሰውና የሙከራው መድኃኒት

ጥሩሰው ሱዳን ካለው የገዳሪፍ የስደተኞች መጠለያ ወጥቶ አሜሪካ፣ ኢስት ፖይንት የምትባል ከተማ ከገባ ጀምሮ ሥራው ኤርፖርት ሻንጣ መጫን ነበር። ውስጥ እግሩ ላይ የወጣችውን ጥቁር ነጥብ ጫማ የጎዳው መስሎት ከዓመት በላይ ተዋት። ቆስላ መድማት ስትጀምር ባለቤቱ ዘሪቱ እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችው።

ሜላኖማ የሚባል የቆዳ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ቁስሉ ተቆርጦ ወጣ። በ1986 ማለቂያ ላይ ግን ብሽሽቱ ላይ እንቁላል የሚያህል እብጠት አወጣ፤ ሳንባው ላይም ሁለት ነጥብ ታየ።

«ጥቁር ሰውንም ይይዛል እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

«ይይዛል፤ በተለይ መዳፍና ውስጥ እግር ላይ» አሉት ሐኪሟ። «እብጠቱን በጨረር እንመታዋለን። ኢንተርፌሮን የሚባል መርፌም አለ፤ ሰውነትዎ ራሱ ካንሰሩን እንዲዋጋ ይቀሰቅሳል። ሁለቱን አንድ ላይ መስጠት ግን ገና ሙከራ ነው።»

«ያድነኛል?»

«አላውቅም።»

ዘሪቱ በአማርኛ «ካላወቀች ምን አስነካካት!» ብላ ተቆጣች። ጥሩሰው ግን ሐኪሟ ስላልዋሹት ደስ አለው፤ እሺ አለ።

መርፌውን ቤት የምትወጋው ዘሪቱ ነበረች። ነርሷ ብርቱካን ላይ አለማመደቻት። የመጀመሪያ ቀን መርፌውን ይዛ ስታመነታ፣ «አይዞሽ፣ ብርቱካን ነው በይኝ» አላት። ብዙም ሳይቆይ አንዘፈዘፈው፤ ትኩሳቱ ጋለ። አምቡላንስ ልትጠራ ስልኩን አነሳች።

«ተይው፤ ነርሷ ነግራናለች እኮ። ልክ የገዳሪፍ ወባ ነው። እሱን ችዬዋለሁ።»

ጨረሩ ብሽሽቱን ስለላጠው ሱሪ ማድረግ አቃተው። ባለ ታክሲው ጓደኛው ወንዳፍራሽ ሽርጥ እያስታጠቀ ሆስፒታል ያመላልሰው ጀመር። «ሰው ሁሉ ሱልጣን መስለኸው ነው የሚያይህ» እያለ ያስቀው ነበር።

ከወራት በኋላ እብጠቱ ሽንብራ አከለ። ጨረር ካልነካው ሳንባውም አንዱ ነጥብ ጠፋ። ሐኪሟ ራጁን ደጋግመው አዩት። «መርፌው ይሁን ሁለቱ ተባብረው፣ መናገር አልችልም» አሉ።

ጥሩሰው ወደ ሥራ ተመለሰ፤ ሻንጣ ማንሳቱ ቀርቶ መኪና ማቆሚያ በር ላይ ተቀመጠ። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሊቶኒያ በምትባል ከተማ ወዳለ ባዶ ሜዳ እየሄዱ ዘሪቱን መኪና ያስተምራታል። ይጨቃጨቃሉ፤ አንድ ጊዜማ ወርዳ በእግሯ ልትሄድ ተነስታ ነበር። ከስንት ፈተና በኋላ መንጃ ፈቃዷን አገኘች።

በ1989 የቀረው ነጥብ አደገ፤ መርፌውም ከዚያ ወዲያ አልሠራም። ትንፋሽ ያጠረው ቀን ዘሪቱ ራሷ ነድታ፣ ፈርታው በኖረችው በትልቁ ሀይዌይ ሆስፒታል አደረሰችው። «ፍጥነት ጨምሪ፣ ከኋላሽ መኪና ተሰልፏል» ይላት ነበር መንገዱን ሁሉ። በዚያው ሳምንት አረፈ።