እግሬን ሊቆርጡ መርከብ ስጠብቅ

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። እኔ በሰው ፊት ቆሞ መናገር የለመድኩ ሰው አይደለሁም። ስሮጥ እንጂ ስናገር ያየኝ የለም። ዛሬ ግን ዝም ብዬ ብቀመጥ እንቅልፍም አይወስደኝም። ጌታ በእግሬ ላይ ያደረገውን፣ ከእግሬም ይልቅ በውስጤ ያደረገውን ልመስክር ብዬ ተነሣሁ። ብደነቃቀፍ ታገሡኝ።

የማታውቁኝ ካላችሁ፣ ደምሴ እባላለሁ። አገሬ ወሎ ነው። ወደ አሰብ የመጣሁት ከመንገድ ሠራተኞች ጋር ሲሆን ሥራዬ መልእክት ማድረስ ነበር። ከወደቡ ቢሮ ተነሥቼ ወደ ላይ፣ ወደ መንገድ ሠራተኞቹ ካምፕ እሮጣለሁ። መኪናው ዞሮ ነው የሚሄደው፤ አሸዋ ከያዘውማ ውሎ ያድራል። እኔ ግን በጥቁሩ ድንጋይ መሐል በምታልፈው የግመል መንገድ አቋርጣለሁ፤ ያውም በባዶ እግሬ። በረባሶ ተሰጥቶኝ ነበር፤ ግን በዚያ ድንጋይ ላይ ጎማ ያንሸራትታል፣ ቁርጭምጭሚት ይሰብራል። በባዶ እግሬ ስሆን የትኛው ድንጋይ እንደሚንከባለል፣ የትኛው እንደሚጸና ገና ስረግጠው አውቀዋለሁ።

በመንገዱ ላይ ሑመድ የሚባል የአፋር ሰው ነበር፤ ግመሎቹን ይዞ ሲያገኘኝ ውሃ ይሰጠኛል። «አንተ ሰው፣ ማን እያባረረህ ነው?» ይለኝና ይስቃል። እኔም አብሬው እስቃለሁ።

ወገኖቼ፣ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ፈሪ ነኝ። ጨለማ ወይም አውሬ አይደለም የምፈራው። ነገን ነው። ነገ ሥራው ቢቀርስ? ነገ ብታመምስ? ባለቤቴ አስካለ ራሷን ካመማት እኔ ቀብሯ ይታየኛል። እጾማለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን እስማለሁ፣ ስለት እሳላለሁ፤ ግን ጸሎቴ ሁሉ «አደራህን እንዳትቀጣኝ» ነበር። የማርፈው ስሮጥ ብቻ ነው። ስሮጥ ሐሳቡ ከኋላ ይቀራል፤ ስቆም ይደርስብኛል።

ታዲያ አስካለ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ሳለ፣ ከካምፑ ስመለስ፣ ያ የሚያቃጥለው ነፋስ ተነሣ። ዓይኔን ጨፈን አድርጌ እየሮጥኩ ሳለሁ ነፋሱ የጣለውን የግራር ቅርንጫፍ ረገጥኩ። እሾሁ በትንሿ ጣቴና በጎረቤቷ መካከል ገባ። ተቀምጬ ሳብኩት። ተሰበረ። ጫፉ ውስጥ ቀረ።

በተረከዜ እየረገጥኩ ቤት ደረስኩ። ለአስካለ አልነገርኳትም፤ ትደነግጣለች ብዬ። ለካፖው፣ ለሥራ አለቃዬም፣ አልነገርኩም፤ ሌላ ሯጭ ይቀጥራል ብዬ። ባሕር ወርጄ በጨው ውሃ ነከርኩት። ላምባ አፈሰስኩበት። መርፌ በእሳት አግዬ ቆፈርኩት፤ ደም እንጂ እሾህ አልወጣም። በጨርቅ ጠቅልዬ እንደገና መልእክት ይዤ ወጣሁ። እንዲያ ነበር ፍርሃቴ! የሚያመኝን እግር ይዤ በድንጋይ ላይ ያስሮጠኝ እሱ ነው።

እግሩ አበጠ። ቆዳው እንደ ከበሮ ተወጠረ፤ መጀመሪያ ቀላ፣ ኋላ ጣቷ ጠቆረች። አንድ ቀን በመንገዱ ላይ ብርድ ብርድ አለኝ። በዚያ ሐሩር ጥርሴ ይንገጫገጫል! ከድንጋይ ጥላ ሥር ተጋደምኩ። ሑመድ ሲያልፍ አየኝና ጨርቁን ፈታ። ሳቁ ጠፋ።

«ወላሂ፣ ይህ እግር ተበላሽቷል» አለኝ። «ዛሬ ሐኪም ካላየው አንተንም ይወስድሃል።»

በግመል ላይ ጭኖ ከተማ አገባኝ። ጌታ ይባርከው። ያን ጊዜ ጌታን አላወቅሁትም፤ እሱ ግን ያውቀኝ ነበር። ስሙ ይመስገን!

ሐኪሙ ጣሊያን ነው። አማርኛ ስለማያውቅ ቁስል የሚያጥበው ድሬሰር፣ አቶ ገብሬ፣ ይተረጉምልኛል። ሐኪሙ እግሬን በአውራ ጣቱ ተጫነው፤ ጩኸቴ ደጅ ድረስ ተሰማ። ከዚያ እርሳስ አውጥቶ፣ ቅላቱ የደረሰበትን ቦታ ተከትሎ ቅልጥሜን ዙሪያውን አሰመረበት። ረዘም አድርጎ ተናገረ። ወደ አቶ ገብሬ ዞርኩ።

«ምን አለ?» አልኩት።

«መርፌ እንወጋሃለን አለ።»

«ይህን ሁሉ ሲናገር መርፌ ብቻ ነው ያለው?»

አቶ ገብሬ አቀረቀረ። «ቅላቱ ይህን መስመር አልፎ ከወጣ እግርህ ከጉልበት በታች ይቆረጣል አለ። እንዲህ ያለ ሥራ እዚህ አይሠራም። መርከብ ሲመጣ ወደ ምጽዋ ትሄዳለህ።»

ወገኖቼ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ቤታችን ከወደቡ አይርቅም። መርከብ በጮኸ ቁጥር ከአልጋዬ ቀና እላለሁ። «አስካለ፣ እስኪ እይ፤ የኛው ነው?» እላለሁ። እሷ ያን ሆዷን ይዛ ወጥታ ታያለች። «አይደለም፤ ጨው ሊጭን የመጣ ነው» ትለኛለች። ትንሽ እተነፍሳለሁ። ደግሞ ወዲያው፣ መርከቡ ቢዘገይ መርዙ ይገድለኛል ብዬ እፈራለሁ። ቢመጣም ፈራሁ፣ ባይመጣም ፈራሁ! ጠዋት ጠዋት አስካለ መስመሩን ታያለች፤ እኔ ደግሞ ፊቷን አያለሁ። አንድ ጠዋት ፊቷን አዞረችብኝ። ቅላቱ መስመሩን ነክቶ ነበር።

ጎረቤት መጣ፣ ሄደ። አንዱ «የሰው ዓይን ነው» አለ፣ ሌላው «ጸበል ውሰዱት» አለ። ካፖው መጣና «አይዞህ ደምሴ» አለኝ፤ ሲናገር ግን እግሬን እንጂ ፊቴን አላየም። ደጅ ወጥቶ ለአንዱ «እንግዲህ ሌላ ሰው እንፈልግ» ሲል ሰማሁት።

ከዚያ እማማ ትርሐስ መጡ። እነሆ ከፊት ተቀምጠዋል፤ «ስለ እኔ አታውራ» እያሉ በዓይናቸው ይቆጡኛል። እማማ፣ ዛሬስ ይፍቀዱልኝ! እሳቸውና ይህ ጉባኤ በዚያን ጊዜ በሰፈሩ «ፀረ ማርያም» ይባሉ ነበር። እኔም ሰላምታቸውን በሩቁ ነበር የምመልሰው።

ቀትር ነበር። ሰው ሁሉ ከሐሩሩ ተሸሽጓል። ለብ ያለ ውሃ በሳፋ ይዘው ገቡ። የእግሬን ሽታ አስካለ እንኳ አፍንጫዋን ሳትሸፍን አትችለውም ነበር። እሳቸው ግን መሬት ላይ ተቀምጠው እግሬን ጭናቸው ላይ አደረጉና ማጠብ ጀመሩ። ኋላ፣

«ደምሴ ወደይ፣ ምንድን ነው የምትፈራው?» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

«እግሬን ሊቆርጡኝ ነው! ሌላ ምን እፈራለሁ?» አልኳቸው፤ ተቆጣሁ።

«ከተቆረጠስ?»

«ሥራ የለኝም። አስካለ ትራባለች። ልጁም...»

«ከዚያስ?»

«ብቻዬን እቀራለሁ» አልኩና እንደ ሕፃን አለቀስኩ። በሰው ፊት አልቅሼ አላውቅም፤ አስካለ ምስክሬ ናት።

እሳቸው አላጽናኑኝም። «ባለቤቴን ባሕር ወስዶት ሲቀር እኔም እንዲህ ፈርቼ ነበር» አሉኝ። «ጌታን ባሌን መልስልኝ ብዬ ለመንኩት። ባሌን አልመለሰልኝም። እሱ ራሱ ግን መጣ፤ ከዚያ ወዲህ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። ስለ እግርህ እለምናለሁ፣ ልጄ፤ ይድናል ብዬ ግን አልዋሽህም። አንተ እግርህን ብቻ ሳይሆን ራስህን ስጠው። የሞተልህ እሱ ነው፤ አይጥልህም።»

እጃቸውን በዚያ እግር ላይ አድርገው ጸለዩ፤ ግማሹን በትግርኛ፣ ግማሹን በአማርኛ። ሲጨርሱ «አሁን አንተ በል» አሉኝ። ምን እንደሚባል አላወቅሁም። «ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ እግሬ ቢሄድም አንተ አትሂድብኝ። ተቀበለኝ» አልኩ። ይህችው ናት። ሌላ ቃል አልነበረኝም።

እውነቱን ልመስክር፤ ሕመሙ አልቆመም። እብጠቱም አልጎደለም። ግን ወንድሞቼ፣ ያ ከልጅነቴ ጀምሮ ደረቴ ላይ ተቀምጦ የኖረ ነገር ተነሣ! ተነሥቶ ወጣ! በመርከብ ጩኸት ስደነግጥ የከረምኩ ሰው፣ በቀትር፣ እማማ ሳፋውን ሳይደፉ እንቅልፍ ወሰደኝ። ክብር ለስሙ ይሁን!

መርከቡም መጣ። የወደብ ሠራተኞች ከነአልጋዬ ተሸክመው ወደቡ ላይ ወሰዱኝ፤ አስካለ፣ እማማ ትርሐስና አቶ ገብሬም አብረውኝ መጡ። እዚያ ስደርስ፣ የመርከቡን የብረት መሰላል ሳይ፣ ፍርሃቱ እንደገና ያዘኝ። አስካለ እጄን አጥብቃ ይዛለች። «ጌታ ሆይ፣ አለህ?» እላለሁ በልቤ። አቶ ገብሬ ከመሳፈሬ በፊት ፋሻውን ልለውጥ ብሎ ጎንበስ አለ። ፋሻውን ሲስበው እግሬ ፈነዳ። መግሉ ወጣ፣ ወጣ፣ አላቆም አለ። ከመግሉ ጋር አንዲት ጥቁር ነገር ፋሻው ላይ ወደቀች። አቶ ገብሬ በጣቱ አነሣት።

«እሾህ!» ብሎ ጮኸ። «እሾሁ ወጣ!»

ሐኪሙን አስጠሩት። ተጫነው፣ አገላበጠው፣ የራሱን መስመር ፈለገ። ቅላቱ ከመስመሩ ወደ ታች ወርዶ ነበር! መቼ እንደወረደ አላየንም፤ ያን ጠዋት በጭንቀቱ ማንም መስመሩን አላየም። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። አቶ ገብሬ ተረጎመልኝ፦ «ጣትህ ሞታለች፤ እሷን እኔው አነሣታለሁ። እግሩ ግን ሊተርፍ ይችላል አለ። ሊተርፍ ይችላል ነው ያለው፤ ይተርፋል አላለም። መሄድም መቅረትም የአንተ ፈንታ ነው።»

መርከቡ ይጮኻል። ብቀርና ቢብስብኝ ሌላ መርከብ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። አስካለን አየኋት። «አንተ ያልከውን» አለች። እማማ ትርሐስን አየሁ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። «እቀራለሁ» አልኩ። መርከቡን እስኪጠፋ ድረስ በዓይኔ ተከተልኩት። ልክ ሠራሁ ወይስ ራሴን ገደልኩ? ጣቴ ስትቆረጥ፣ ትኩሳቱ ሲወጣና ሲወርድ፣ ይህ ጥያቄ አለቀቀኝም። ግን በጠየቅሁ ቁጥር «አለህ?» እላለሁ፤ እሱም ነበረ። አዎን፣ ነበረ! ቀስ በቀስ እብጠቱ ጎደለ። ቁስሉ ከሥሩ ሥጋ እየሞላ መጣ። መርፌውም የእሱ ነው፣ የሐኪሙም እጅ የእሱ ነው፣ የሑመድም ግመል የእሱ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን!

አስካለም በሰላም ተገላገለች። አሁን የምትሰሙት ልቅሶ የልጄ ነው፤ አባቱ ወሬ አበዛ ብሎ ይሆናል።

ወገኖቼ፣ ነገ ጠዋት ካፖው እንደገና መልእክት ይዘህ ውጣ ብሎኛል። ሐኪሙ ጫማ አድርግ አለኝ፤ ሸራ ጫማ ገዝቻለሁ፣ ግን እግሬ ገና አልለመደውም። ያቺ ትንሽ ጣት ሰውን ቀጥ አድርጋ ትይዝ ኖሯል፤ ያለ እሷ ወደ ጎን ያዘነብለኛል። ፈርቻለሁ። ይህን አልደብቃችሁም። የዳነ ሰው ፍርሃት የለበትም ያላችሁ ካለ እኔን እዩ። ግን ድሮ ብቻዬን ነበር የምፈራው፤ አሁን ስፈራ የምነግረው አለኝ።

እናንተም በሐሳብ የምትብሰለሰሉ፣ ሕመማችሁን ከሚስት ከባል የደበቃችሁ፣ እባካችሁ ዛሬ ለጌታ ንገሩት። ጸሎት አላውቅም አትበሉ፤ እኔም አላውቅም ነበር። ባላችሁ ቃል ጥሩት፣ ይመጣል። ለእኔ መጥቷል። አሁንም እንጸልይ፤ ነገ ለሚጠብቀኝ መንገድም እጃችሁን ጫኑብኝ።