ጣሊያን ያልቆፈረው ጉድጓድ

ይህን ከአንዲት እናት በቀር የሚያውቅብኝ የለም። እናንተ ሁለተኛዎቹ ናችሁ።

አሶሳ ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት ሰዎችን በእግር እያዞርኩ የከተማዋን የተረሳ ታሪክ አስጎበኛለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ ሽማግሌዎችን እየጠየቅኩ፣ እየለካሁ፣ እየጻፍኩ የለመድኩት ነው። ደብተሬ ላይ የተናገረው ሰው ስምና ቀኑ ሳይኖር የሚሰፍር መስመር የለም። በዚህ እኮራ ነበር።

አራተኛው ማረፊያችን ከገበያው ጀርባ ያለ አሮጌ የውሃ ጉድጓድ ነው። አፉ ዙሪያውን በድንጋይ ተገንብቷል። አጠገቡ የሚኖሩትን እማማ ሐሊማን ጉብኝቱን ገና ሳልጀምር ጠይቄያቸው ነበር። እቤታቸው የሚነገረው በርታኛ ነው፤ አማርኛን የለመዱት በኋላ ነው። «እናቴ ቆፈረ» አሉኝ። «እናቴ መንጌ ወርቅ ቆፋሪ ነበር። መሬት ያውቃል። ሦስት ጎረቤት ጋር ቆፈረ፣ ወላሂ።» ጻፍኩት፤ መንጌ ከአሶሳ ወዲያ ያለች የወርቅ አገር ናት። ቀኑንም አሰፈርኩ።

በመጀመሪያው ጉብኝት አንድ አስተማሪ ድንጋዩን እየዳበሰ «የጣሊያን ሥራ ነው አይደል?» አለኝ። እኛ ጋ ድልድይ ጠንክሮ ከቆመ ጣሊያን ነው፣ ግንብ ካልፈረሰ ጣሊያን ነው። እኔም «አዎ» አልኩ። ለምን አልኩ? ደብተሩ እጄ ላይ ነበር። ገጹን አውቀው ነበር። የሰዎቹ ዓይን ሲበራ አየሁና ዋሸሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ማንም ሳይጠይቀኝ ዋሸሁ። ኋላማ ጥልቀቱን በገመድ ለካሁ፣ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ቆጠርኩ፣ ትክክለኛውን ልክ ከውሸቱ ጋር አብሬ ተናገርኩ። ልኩ እውነት ስለሆነ ጣሊያኑም እውነት መሰለ። ጥንቃቄዬን ለውሸት አዋስኩት።

እንዲህ ስል ሁለት ዓመት ሄደ። አንድ ቅዳሜ እማማ ሐሊማ ባልዲ ይዘው መጡና ከሰዎቹ ኋላ ቆመው አዳመጡኝ።

«ጣሊያኑ ስሙ ማነው?» አሉ።

«አይታወቅም፣ እማማ።»

«የእናቴ ስም ይታወቃል። ዘይነብ።»

አንዱ ጎብኚ «እማማ፣ እናትዎ ጣሊያን ነበሩ እንዴ?» ሲል ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ከውሸቱ ይልቅ የሚያቃጥለኝ ያ ሳቅ ነው። ባልዲያቸውን ባዶውን ይዘው ተመለሱ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ደጃፋቸው ድረስ እየሄድኩ ተመለስኩ። በአራተኛው ሳምንት፣ ዓርብ ዕለት፣ ገባሁ። ተቀመጥ እንኳ ሳይሉኝ ጠየቁኝ።

«ረሳህ ነው ወይስ ዋሸህ?»

«ዋሸሁ።»

«እንግዲያ ለሰዎቹም እንዲህ በል፣ ልጄ።»

በማግስቱ ጉድጓዱን ያስቆፈረው ጣሊያን እንዳልሆነ፣ የመንጌዋ ወርቅ ቆፋሪ ዘይነብ ከሦስት ጎረቤቶቿ ጋር እንደቆፈረችው ተናገርኩ። አንዱ «ጎበዝ! አዲስ መረጃ አገኘህ ማለት ነው» ብሎ አጨበጨበ። ሌሎቹም ተከተሉት። እኔም ወደሚቀጥለው ማረፊያ መራኋቸው። አዲስ መረጃ! ከመጀመሪያው ውሸቴ በፊት ደብተሬ ውስጥ የተጻፈውን! ዘይነብን ወደ ቦታዋ መለስኩ፤ ራሴን ግን ደበቅኩ። እማማ ሐሊማ በራቸው ላይ ቆመው ጭብጨባውን ሰሙ። ሳልፍ «ግማሹን አልክ» አሉኝ።

ሌላኛው ግማሽ ይኸው። ረስቼ አልነበረም። መረጃ አጥሮኝ አልነበረም። ልጅ ነበርኩ አልልም። እውነቱን በገዛ እጄ ጽፌ ዋሸሁ፤ እውነቱን የተናገሩት እናት ሲሳቅባቸው አብሬ ሳቅኩ። የሴት እጅ የሠራው፣ ያውም አማርኛ በሚያስቸግረው አንደበት የተነገረው፣ ታሪክ ለመባል የሚበቃ አልመሰለኝም ነበር። ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ሰበብ እንዳይሆንልኝ ግን እለምናችኋለሁ።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ደረቴ ቀለለኝ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ቅዳሜን ሳልፈራ ስጠብቅ የመጀመሪያዬ ነው። አራተኛው ማረፊያ ላይ ደብተሩን ገልጬ ከነቀኑ አነባለሁ። እማማ ሐሊማ እንዲመጡ ለመንኳቸው፤ «ውሃ ካለቀብኝ እመጣለሁ» አሉ። ይቅር በሉኝ ላልኳቸው ገና አልመለሱልኝም። ባይመልሱልኝም እንኳ፣ ከመጡ ባልዲያቸውን ራሴ ቀድቼ እሞላለሁ፤ ባዶውን አይመለስም።