ለቅሶ በጢያ ድንጋዮች መካከል

የቀበሌ ይለፋችንን ይዘን ከሰፈራችን ከዶሮ ማነቂያ የወጣነው ጎህ ሲቀድ ነበር። ይለፉ «የጥንት ትክል ድንጋይ ጉብኝት» ይላል። ለእኔ እውነት ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ቢሮ ተቀምጦ የሚውል ሰው እሁድ ሲመጣ ድንጋይም ቢሆን ማየት ያምረዋል። ጎረቤቴ እትዬ በላይነሽ ግን ድንጋይ አላማራቸውም። አንድያ ልጃቸው አበራ በቀይ ሽብር ሲገደል ሬሳውን አልሰጧቸውም፤ ማልቀስም ተከልክለዋል። «ጮኼ የማለቅስበት ቦታ ውሰደኝ ልጄ» ሲሉኝ ከጢያ ትክል ድንጋዮች ሌላ አልመጣልኝም።

ከአውቶብስ ተራ የቡታጅራውን አውቶቡስ ተሳፈርን። ዓለም ገና ኬላ ላይ ወታደሮች አስወርደው ፈተሹን። መልካ ቁንጥሬ ላይ አዋሽን ስንሻገር ጭጋጉ ወንዙን ውጦት ድምፁ ብቻ ይሰማል። ከፒያሳ የገዛሁላቸውን ዳቦ እትዬ በላይነሽ አልነኩትም።

ጢያ

ስንወርድም ጭጋጉ አልገለጠም። ከመንደሩ አለፍ ብሎ ድንጋዮቹ በረድፍ ቆመዋል፤ አንዳንዶቹ ከሰው ይረዝማሉ። ጎራዴ ተቀርጾባቸዋል። ወፍ እንኳ አይሰማም። ቆመው የሚጠብቁን ሰዎች መሰሉኝና፣ እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ።

«ከሥራቸው ምን አለ አባባ?» አልኳቸው ድንጋዮቹን የሚጠብቁትን ሽማግሌ።

«መቃብር ነዋ። ቆፍረው ያዩት ሰዎች ወጣቶች ናቸው አሉ፤ ሴትም ወንድም።»

«እናቶቻቸውስ?» አሉ እትዬ በላይነሽ።

ሽማግሌው ከመንገዳቸው ገለል አሉላቸው።

እትዬ በላይነሽ ነጠላቸውን ገለበጡና ጥለቱን ወደ አንገታቸው አድርገው ዘቀዘቁት፤ ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው። ሰፈር ውስጥ ይህን አልደፈሩም ነበር። አንዱን ድንጋይ አቅፈው «አበራዬ! የት ጣሉብኝ!» ብለው ጮኹ። ያ ድምፅ ከእሳቸው የወጣ አልመስልህ አለኝ።

ትንሽ ቆይቶ ከጭጋጉ ውስጥ ሌላ ዋይታ መለሰ። ከዚያ በድንጋዮቹ መካከል ነጠላቸውን የዘቀዘቁ ሴቶች ብቅ አሉ። የመንደሩ ሴቶች ነበሩ፤ ለቅሶ ሰምተው መጡ እንጂ ማን እንደሞተ አያውቁም። አንዷ ስሙን ብቻ ጠየቀች። ወዲያው ሁሉም ደረታቸውን እየደቁ፣ አይተውት የማያውቁትን ልጅ «አበራ፣ አበራ» እያሉ አለቀሱለት።

መልስ

ዓለም ገና ላይ እንደገና አስወረዱን። የእትዬ በላይነሽ ነጠላ እንደተዘቀዘቀ መሆኑን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ላስተካክለው እጄን ስዘረጋ አንድ ወታደር አይቶ ቀደመኝ።

«እናቴ፣ ማን ሞቶብዎት ነው?»

ይለፋችን ስለ ለቅሶ የሚለው ነገር የለም።

«ልጄ ነው» አሉ። «ጢያ ቀብሬው መምጣቴ ነው።»

ወታደሩ ቆቡን አወለቀ። ግራ ቀኙን አየና ዝቅ ባለ ድምፅ «እግዜር ያጥናዎት» አለ።

አበራ ከሞተ ጀምሮ ይህን ቃል ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነበር። ዶሮ ማነቂያ ውስጥ የደፈረ ሰው አልነበረም።

ጀምበር ሳትጠልቅ ሰፈራችን ደረስን። ጠዋት የጢያን ሙታን ፈርቼ ነበር፤ አሁን የፈራሁት የገዛ ሰፈሬን መግቢያ ነው። እትዬ በላይነሽ ግድግዳ ተጠግተው ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ፊታቸውንም ጠረጉ።

«መንገዱን አደራ እንዳትረሳብኝ» አሉኝ። «ለሙት ዓመቱ መቃብሩ ጋ እንሄዳለን።»