ተራ የሚጠበቅበት ፍል ውሃ

ትእዛዙ የደረሰን ወረታ ሰፍረን ሳለ ነው፤ በኅዳር፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ። «አንድ ሽፍታ ቀኝ እግሩ ቆስሎ ፍል ውሃ እየታጠበ ነው። አንተና ሙጬ ታጣቢ መስላችሁ ግቡ። ሲወጣ እግሩን አይታችሁ፣ ፊሽካ ስነፋ ያዙት» አለ መቶ አለቃችን። እሱና የቀሩት ወታደሮች ከፍል ውሃው በላይ ካለው ጉብታ ላይ ሊያደፍጡ ሆነ። ፍርሃት የያዘኝ ከዚያችው ደቂቃ ጀምሮ ነው።

ልጆች ስለ ጦር ሜዳ ሲጠይቁኝ ምሽግና መድፍ ይጠብቃሉ። እኔ ግን ከሁሉ የፈራሁት ራቁቴን፣ እስከ ደረቴ ውሃ ውስጥ ተቀምጬ ነው።

ፍል ውሃው ከፎገራ ሜዳ ዳር፣ ከአለት ሥር ይፈልቃል። ድኝ ስላለበት ከሩቁ ይሸታል፤ ለወታደር አፍንጫ ባሩድ ነው። ሥርዓቱ ጥብቅ ነበር። ጠመንጃ ከነዝናሩ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይወጣል። ባለደም ከባለደሙ ጋር ሊገናኝ ስለሚችል ስም አይጠየቅም፤ ሰው የሚጠራው በሕመሙ ነው።

በአምስት ሰዓት ገባን። እንፋሎቱ ፊት አያሳይም። ከጎኔ የነበሩ ሽማግሌ ፈቀቅ አሉልኝ።

«ምን ሆነህ መጣህ?» አሉኝ።

ጫማ የላጠው ተረከዜ ትዝ አለኝና «ቁስል ነው» አልኋቸው።

«እንግዲያ ቁስል ነህ። እኔ ቁርጥማት ነኝ። አትንቀጥቀጥ፤ ውሃው መጀመሪያ ያስደነግጣል እንጂ ኋላ ደግ ነው።»

ዐሥራ አንድ ራስ ቆጠርሁ። ከውሃ በላይ የሚታይ እግር ግን የለም። ሽፍታው የትኛው ነው? ስንት ሰው አስከትሏል? ሙጬን አየሁት፤ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

መቶ አለቃው አልታገሠም። አንድም ሰው ሳይወጣ ፊሽካውን ነፋ። ሙጬ ደንግጦ ወደ ጠመንጃው ሮጠ። የገባው በመጨረሻ ነበርና ተራው አልነበረም። ከማዶ በኩል ሲታጠቡ የነበሩ ሁለት ሰዎች ይህን ሲያዩ ነገሩ ገባቸው፤ ዘለው ወጡ። ሽማግሌው ሙጬን ሊገሥጹ ተነሡ።

«ልጄ፣ ተራ አለ እኮ» አሉ።

ከጉብታው ተኩስ ተከፈተ። ራቁት ሰው ከራቁት ሰው አይለይም። እኔ አፍንጫዬ ብቻ እስኪቀር ውሃው ውስጥ ገባሁ። አልተኮስሁም። ማንንም አላዳንሁም።

ተኩሱ ሲቆም ሙጬ እጁ ጠመንጃው ላይ ሳይደርስ ወድቋል። ከሁለቱ አንዱ ሞቷል፤ እግሩ ደኅና ነበር። ያመለጠውም እንደ ቆሰለ ሰው አልሮጠም። ሽማግሌው ከጎኔ ተንሳፍፈዋል። ሦስት ሬሳ ቆጠርን፤ ሽፍታው የትኛው እንደነበር ግን አላወቅንም።

በዘጠኝ ሰዓት ለፍትሐት ቄስ መጡ። የሙጬን የክርስትና ስም እኔ አውቅ ነበር። የሌላውን አንድ ታጣቢ እያለቀሰ ነገራቸው።

«የኒህስ ሽማግሌ?» አሉ ቄሱ።

ታጣቢዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። «ቁርጥማት ነው የምንላቸው» አለ አንዱ።

ያለ ስም እንዴት ይፈታሉ? ሬሳው ፀሐይ ላይ ነው፤ ቄሱ ይጠብቃሉ።

«ወልደ ጊዮርጊስ ናቸው፣ አባ» አልሁ።

የራሴ የክርስትና ስም ነበር። ቄሱም ያን ስም እየጠሩ ፈቷቸው፤ እኔ በሕይወት ቆሜ ሰማሁ።

ቤተሰቦቻቸው ስንት ጊዜ እንደጠበቋቸው አላውቅም። ከዚያ ወዲያ ብዙ ዘምቻለሁ፣ አርጅቻለሁም። አንድ ቀን ቄስ እኔን ለመፍታት ያንኑ ስም ይጠራል። እዚያ በወዲያኛው ዓለም ቀድሞ አቤት የሚለው ማን እንደሆነ ሳስብ እስከ ዛሬ እፈራለሁ።